ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ አንድ የነዳጅ ማደያ ሰባት ዓመት ያህል በሌሊት ገንዘብ ተቀባይነት ሠርቻለሁ። እዚህ አካባቢ ያለ አበሻ ሥራውን «ጋዝ ስቴሽን» ከማለት በቀር ሌላ ስም አልሰጠውም። ከኋላዬ ሲጋራው፣ ከጎኔ ቡናው፣ ከፊት ለፊቴ ደግሞ የሎተሪ ማሽኑ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ስንት ትኬት አትሜ ለስንት እጅ እንዳቀበልሁ እግዜር ይወቀው። ከዚያ ቤት ይዤው የወጣሁት ብዙ ነገር የለም፤ ሎተሪን በተመለከተ ግን እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ አንድ ሐሳብ አለ። ሰው ሎተሪ ሲቆርጥ ከሁሉ በፊት የሚገዛው ቀን ነው፤ ትኬቱን ከተቀበለበት ደቂቃ አንሥቶ ዕጣው እስከሚወጣበት ደቂቃ ድረስ ያለውን ቀን።

ሐሳቡን የሰጡኝ ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ያን ጊዜ ፓወርቦል የሚባለው ትልቁ ሎተሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይወጣ ነበር። እኒህ ሰው ሰልፍ በሚበዛበት በቅዳሜ ማታ መጥተው አያውቁም። ዘወትር ሐሙስ ንጋት ላይ፣ እኔ ሥራዬን ላስረክብ ስል ይመጡና ሁለት ዶላራቸውን ከፍለው አንዲት ትኬት ቆርጠው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ለምን እንዲህ አስቀድመው እንደሚቆርጡ ብጠይቃቸው እንደ ሞኝ አዩኝና፣ «ቅዳሜ ማታ ብቆርጥማ በሁለት ዶላሬ የማገኘው አንድ ሰዓት ነው፤ ሐሙስ ስቆርጥ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሀብታም ሊሆን የሚችል ሰው ሆኜ እውላለሁ» አሉኝ። የሎተሪን ዋጋ የእሳቸውን ያህል በትክክል ያሰላ ሰው ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

በገንዘብ ካሰሉትማ ሒሳቡ ከመነሻውም አይገጥምም። ፓወርቦል ከ69 ነጭ ኳሶች አምስት፣ ከ26 ቀይ ኳሶች ደግሞ አንድ ኳስ የሚወጣበት ጨዋታ ነው፤ ትልቁ ዕጣ የሚደርሰው ስድስቱንም ለገጠመ ሰው ሲሆን፣ ሊወጡ የሚችሉት ጥምረቶች ቁጥር 292,201,338 ነው። ከሞያሌ እስከ ሁመራ፣ ከአሶሳ እስከ ጎዴ ያለው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር፣ ሁለት ሁለት የተለያየ ትኬት ቢቆርጥ እንኳ ዕጣው ለማንም ሳይደርስ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ዕጣው 1.586 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ በነበረበት ሳምንት ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ ነዳጅ መቅጃው ተዘርግቶ ነበር፤ ሎተሪ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ቁጥሩን ማሽኑ ይምረጥልን እያሉ በአሥርና በሃያ ትኬት ይወስዱ ነበር። ረቡዕ ማታ ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳና ቴነሲ ውስጥ የተቆረጡ ሦስት ትኬቶች ገንዘቡን ተካፈሉት። በማግሥቱ ንጋት ላይ ሽማግሌው እንደ ወትሯቸው መጡ፤ አዳሩን አገር ስላወራበት ዕጣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ የቅዳሜውን ቆረጡና ሄዱ።

አባቴም ከእሳቸው ብዙም አይለይም ነበር። እሱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የእንቁጣጣሽ ሎተሪን ብቻ ነው የሚቆርጠው። ክረምቱ እንደገባ ደሴ፣ ፒያሳ ካለች አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ አዟሪው ትኬቶቹን እንደ መጽሐፍ እየገለጠ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ይውሰዷት፤ የመጨረሻዋ ናት» ይለዋል። የመጨረሻዋ እንዳልሆነች ሁለቱም ያውቃሉ። ትኬቷ ቤት ስትደርስ የምትቀመጠው በአባቴ ዳዊት ገጾች መካከል ሲሆን፣ እናቴ ሎተሪ ከመዝሙረ ዳዊት ጋር ማደሩ ደስ አይላትም ነበር፤ አባቴ ደግሞ «ማትያስስ ከሐዋርያት የተቈጠረው በዕጣ አይደለም ወይ?» እያለ ይከራከራታል። ሐምሌና ነሐሴን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያልተገኘው ገንዘብ በየማታው ይደለደላል። ቆርቆሮው ይቀየራል፣ የአክስቴ ዕዳ ይከፈላል፣ ለእኔም ብስክሌት ይገዛልኛል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ብስክሌቱ ቀለም ነበረው፤ ፍልሰታ ሲፈታ ደወል ተገጥሞለታል። ዕጣው ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ሲታተም አባቴ አዲስ ዘመንን ከጎረቤት ተውሶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ከትልቁ ዕጣ ወደ ትንሹ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ዓመት በመጨረሻው አሃዝ የትኬቱ ዋጋ ተመልሶለት ያንኑ ብር ለአዟሪው መልሶ ሰጥቶ ሌላ ቆረጠ። ለእኛ ቤት ሎተሪ እነዚያ ሁለት ወራት ናቸው።

ብሔራዊ ሎተሪያችን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አገር መንግሥት ሲለዋወጥ ሎተሪ አዟሪው ካፌ ለካፌ መዞሩን አላቋረጠም። ስለ አዟሪዎቹ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አይሆንልኝም፤ ብዙዎቹ አካል ጉዳተኞች ወይም ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው፤ ከወረቀቱ ጋር የሚሸጡት ምርቃትም ጨዋታም አለ። ያልቆረጠውን ሰው እንኳ «ነገ ይጸጽትዎታል» ብለው አስቀውት ነው የሚያልፉት። እኔ በመስታወት ጀርባ ሆኜ ስሸጥ ያን ያህል ችሎታ አልነበረኝም።

የመጠበቅን ነገር ስፔናውያንን ያህል የተካነበት ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። የገና ሎተሪያቸው የተጀመረው ናፖሊዮን አገራቸውን በያዘበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1812 ካዲስ ከተማ ውስጥ ከወጣው ዕጣ ሲሆን፣ ዛሬ በየዓመቱ በእነሱ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ማድሪድ ላይ ይወጣል። ቁጥሮቹ ከ00000 እስከ 99999 ናቸው፤ እያንዳንዱ ሙሉ ትኬት 200 ዩሮ ስለሚያወጣ አሥር ቦታ ተከፍሎ አንዱ እጅ በ20 ዩሮ ይሸጣል፤ እሱንም ቢሆን ቤተሰብ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የአንድ ቡና ቤት ደንበኛ ተሰባስቦ የሚካፈለው ብዙ ነው። ዕጣውን የሚያበሥሩት የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቁጥሩን፣ ሌላው የገንዘቡን መጠን እየተቀባበሉ ለሰዓታት በዜማ ያሰሙታል። ትኬቱ መሸጥ የሚጀምረው ደግሞ ገና በሐምሌ ነው። አምስት ወር! አውቶቡስ ሾፌሩ ይህን ቢሰሙ ሻንጣቸውን ሸክፈው ማድሪድ የሚገቡ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሶዴቶ የምትባል፣ ነዋሪዋ 250 ያህል የሆነ የገጠር መንደር ትልቁ ዕጣ ሲደርሳት፣ የመንደሩ ሴቶች ማኅበር ትኬቱን በየቤቱ እየዞረ ሸጦ ስለነበር ሁሉም ቤት ማለት ይቻላል ደርሶታል፤ የቀረው ሻጮቹ ዘልለውት ያለፉት የአንድ ግሪካዊ ፊልም ሠሪ ቤት ብቻ ነበር። ይህን ታሪክ ሳስብ ከደረሳቸው ይልቅ የሰውየው የማግሥቱ ጠዋት ነው የሚታየኝ፤ በር ከፍቶ ሲወጣ ለማን ምን ይላል?

አሁን ደግሞ ሎተሪ ወደ ስልክ እንዴት እንደገባ ላንሣ። አሜሪካ ውስጥ ውርርድን በስልክና በቴሌግራፍ ሽቦ ከግዛት ወደ ግዛት ማስተላለፍን የሚከለክል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ በወንጀለኛ ቡድኖች ላይ የወጣው ይህ ሕግ ኢንተርኔት ሲመጣ ሎተሪን ከእሱ አግዶ ቆየ። በታኅሣሥ 2011 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሕጉ የሚመለከተው የስፖርት ውርርድን ብቻ ነው የሚል ትርጓሜ አወጣ፤ ከሦስት ወር ያህል በኋላ ኢሊኖይ ትኬት በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። የእኛዋ ቨርጂኒያ ፈቃዱን የሰጠችው ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሲሆን፣ ጊዜው የኮሮና ነበርና እኔ ከፕላስቲክ መጋረጃ ጀርባ ጭምብል አድርጌ እሸጥ ነበር። በመጀመሪያ የቀሩት ወጣቶቹ ናቸው። ቀጥሎ ከሥራ ሲመለሱ ቡናና ሁለት የሚፋቅ ሎተሪ የሚወስዱት አናጺዎችና ቀለም ቀቢዎች ቡናውን ብቻ መውሰድ ጀመሩ።

በስልክ ፓወርቦልን መቁረጥ ራሱ ብዙ አያስከፋም፤ ቀኑም ዕጣውም ያው ነው፤ ወረቀት አይጠፋም፣ የደረሰው ሰው ሳያውቅ አያልፍም። ነገሩ የሚለወጠው ጣት አንድ ገጽ ሲያልፍ ነው። እዚያ ያሉት ጨዋታዎች ስማቸው ሎተሪ፣ ሻጫቸውም ያው የግዛቱ ሎተሪ ሆኖ ሳለ በመቁረጥና በማወቅ መካከል ያለው ጊዜ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ከደንበኞቼ አንዱ ቡና እስኪቀዳለት ድረስ ስልኩን ካውንተሩ ላይ አስደግፎ ሲጫወት አየሁት፤ ስኳር ጨምሮ እስኪያማስል አምስት ጊዜ ተሸነፈ። ፊቱ ላይ ግን ማዘንም መደሰትም አላየሁበትም። እኔ በወረቀት የሸጥሁለት ሎተሪ ቢያንስ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሳንቲም እስኪፍቀው ድረስ ትንሽ ያስቆየው ነበር።

ጊዜውን ማሳጠር የጀመረው ግን ኢንተርኔት አይደለም፤ ይህን አለመናገር ሐሰት ይሆናል። የሚፋቀው ሎተሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሲጀመር ነው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ትኬት በገዛበት በር ላይ ቆሞ መሸነፉን ማወቅ የቻለው። ከዚያ በየጥቂት ደቂቃው ዕጣ የሚያወጣው ኬኖ መጣ። ፓወርቦልም ቢሆን በነሐሴ 2021 ሰኞን ጨመረ፤ ሌላው ትልቅ ሎተሪ ሜጋ ሚሊየንስ ማክሰኞና ዓርብን ስለያዘ ዛሬ ከሁለቱ አንዱ የማይወጣበት ቀን ሐሙስና እሑድ ብቻ ነው። ለእኛ የጾም የሆኑት ረቡዕና ዓርብ ለእነሱ የዕጣ ቀን መሆናቸው በመጀመሪያው ዓመቴ ያስቀኝ ነበር። ሽማግሌው ግን የሰኞው ዕጣ በመጨመሩ አልተደሰቱም፤ «ቀኔን ሰረቁኝ» ነው ያሉት።

ባለፈው ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ስሳፈር ረዳቱ አንድ እጁን በር ላይ አድርጎ በሌላው አቪዬተር ይጫወት ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት አውሮፕላን ትነሣለች፤ ከፍ ባለች ቁጥር ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር ያድጋል፤ በርራ ከመጥፋቷ በፊት ካላወጡ ሁሉም ይቀራል። አንዱ ዙር በሰከንዶች ያልቃል። ልጁ «ወራጅ አለ?» ሲልም፣ መልስ ሲቆጥርም ዓይኑ ከአውሮፕላኗ ላይ አልተነሣም። የሚጫወተው በስልኩ ውስጥ ባለ ገንዘብ ነበርና ኪሱን መዳበስ እንኳ አላስፈለገውም፤ አባቴ ሁለት ወር የሚያስበውን ነገር እሱ ቀበና ሳንደርስ ስንት ጊዜ እንደ ጀመረና እንደ ጨረሰ መቁጠር አቃተኝ።

ይህን ሁሉ ስል ኢንተርኔትን እየከሰስሁ እንዳይመስልብኝ፤ እኔ ራሴ እዚህ አገር የመጣሁት በኢንተርኔት ሎተሪ ነው። ዲቪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የተመሠረተ፣ ከ2003 መጸው ጀምሮ ደግሞ በኢንተርኔት ብቻ የሚሞላ ዕጣ ነው። ፎርሙን ደሴ ውስጥ በአንድ ኢንተርኔት ቤት ለመሙላት አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። መልሱ ግን የሚታወቀው በግንቦት ነበር፤ በእነዚያ ሰባት ወራት ውስጥ እንግሊዝኛ ተማርሁ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር ተጣላሁ፣ ታረቅሁ፣ ቨርጂኒያ ካርታ ላይ የት እንዳለች አወቅሁ። መጠበቁ እንዴት ያለ ክብደት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2011 የሆነው ያሳያል፤ ግንቦት 1 ቀን 22,000 ያህል ሰዎች መመረጣቸውን በድረ ገጹ ላይ አዩ፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ በኮምፒውተር ፕሮግራም ስሕተት 90 በመቶው የተመረጡት ምዝገባው በተከፈተባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሞሉት ብቻ ስለነበር ዕጣው ተሰርዞ በሐምሌ እንደገና ወጣ። አሥራ ሁለት ቀን ለመልቀቂያ ደብዳቤም ለሽኝት ግብዣም ይበቃል።

ወረቀቱ ያደርግልን የነበረውን ሌላ ነገር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ያዘገይ የነበረው ድኻውን ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1992 ስቴፋን ማንዴል የተባለ ሮማንያ የተወለደ የሒሳብ ሰው ከአውስትራሊያ ሆኖ ባለገንዘቦችን አሰባስቦ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን ዕጣ ጠቅልሎ ለመግዛት ተነሣ። ያኔ ከ44 ቁጥሮች ስድስት ነበር የሚወጣው፤ ጥምረቶቹ 7,059,052፣ ትኬቱ አንድ ዶላር፣ ዕጣው 27 ሚሊዮን ዶላር። ሒሳቡ የሚያዋጣ ነበር፤ ያስቸገረው ሱቅ ነው። ሰዎቹ የተሞሉ ቅጾችን ተሸክመው ከሱቅ ሱቅ ቢሯሯጡም እንደ እኔ ያለው ገንዘብ ተቀባይ አንድ በአንድ ሲያትም ጊዜው አለቀ፤ የቻሉት አምስት ሚሊዮን ያህሉን ብቻ ነው። አሸናፊው ቁጥር ከገዙት ውስጥ ተገኘላቸው እንጂ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ይችሉ ነበር፤ ገንዘባቸውን ለዕድል ሳይሰጡ ማምለጥ አልቻሉም። በሚያዝያ 2023 ቴክሳስ ላይ የሆነውን ከዚህ ጋር ሳስተያየው ይገርመኛል። ዕጣው 95 ሚሊዮን ዶላር፣ ጥምረቶቹ ወደ 25.8 ሚሊዮን፣ ትኬቱ ያው አንድ ዶላር። በስልክ ለሚያዙ ደንበኞች ትኬት ከሚገዙ ድርጅቶች ጋር የሚሠሩ ጥቂት ቦታዎች የሎተሪ ማሽን በብዛት ተሰጥቷቸው ነበርና፣ ቁጥሮቹ በታብሌት ላይ በኮድ እየተነበቡ በሁለት ዕጣዎች መካከል ባሉት ቀናት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ለአንድ የገዢዎች ቡድን ታተሙ። ገዢዎቹ የጠበቁት ነገር አልነበረም፤ የት እንዳለ ባያውቁም አሸናፊው ትኬት እጃቸው ላይ ነበር። በዚያው ቅዳሜ ሂውስተን ወይም ዳላስ ውስጥ አንዲት ትኬት የቆረጠ ሰው ከማን ጋር እየተጫወተ እንደነበረ አያውቅም። ቁጣው ቀስ ብሎ መጣና በ2025 የግዛቱ ሎተሪ ኮሚሽን ራሱ ፈርሶ ሥራው ለሌላ መሥሪያ ቤት ተላለፈ።

አገሮች ለዚህ ፍጥነት የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2015 የኢንተርኔት ሎተሪ ሽያጭን ጭራሽ አስቆመች። ኖርዌይ ደግሞ በመንግሥት ሎተሪዋ አንድ ሰው በወር ሊያጣ የሚችለውን በ20,000 ክሮነር ገደበች፤ ይህን ማድረግ የሚቻለውም ተጫዋቹ በስሙ ሲመዘገብ ብቻ ስለሆነ ስልኩ እዚህ ላይ ከእኔ ካውንተር ይሻላል፤ እኔ ማን ስንት እንዳጣ አይቼ ዝም ከማለት በቀር የማደርገው አልነበረም። ያችው ኖርዌይ ግን በሰኔ 2025 ከዩሮ ሳንቲም ወደ ክሮነር ሲመነዘር በመቶ መካፈል የሚገባው በመቶ ተባዝቶ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስልካቸው ላይ የማይገባቸውን ትልቅ ገንዘብ እንዳሸነፉ ተነገራቸው። የሎተሪው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሥራቸውን ለቀቁ። የአባቴ ጋዜጣም ቢሆን አንድ አሃዝ ሊሳሳት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ማንንም በስሙ ጠርቶ እንኳን ደስ ያለህ አይልም።

ከጋዝ ስቴሽኑ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ሎተሪ አሁን እምብዛም አልቆርጥም፤ እቁብ ግን አለኝ። አሥራ ሁለት ነን፤ በወር 500 ዶላር እንጥላለን፤ በወሩ የመጨረሻ እሑድ በሰብሳቢያችን በእትዬ ወይንሸት ቤት ተገናኝተን ዕጣ እናወጣለን። ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደሚደርሰን ብቻ ነው፤ መድረሱንማ ዋስ ጠርተን ተማምነናል። ባለፈው እሑድ ከመካከላችን ልጅ እግር የሆነው አባል ሁሉም በስልኩ ከፍሎ ዕጣውንም ስልኩ እንዲያወጣው፣ እንዲህ ቢደረግ በየወሩ ከሜሪላንድ ድረስ መንዳት እንደሚቀርለት ተናገረ። ክፍያው በስልክ እንዲሆን ወዲያው ተስማማን። የዕጣው ነገር ሲነሣ እትዬ ወይንሸት የስሞቹን ወረቀት እያጠፉ ሲኒ ውስጥ ይከቱ ነበር፤ ቀና ብለው፣ «እሱስ ይሁን፤ ግን ስልኩ ዕጣውን የሚያወጣው በአቦሉ ነው በቶናው?» ብለው ጠየቁት። እሳቸው ቤት ዕጣ ከቶና በፊት ወጥቶ አያውቅም። ልጁ ሳቀና ተቀመጠ። አቦሉ ተቀዳ፣ ፈንዲሻው ዞረ፣ ስለ ቤት ኪራይ ተወራ፤ ቶናው ሲወርድ የልጅ ልጃቸው ከሲኒው አንዲት ወረቀት አነሣች። አልደረሰኝም። አራት ቀርተናል።